ስልክ ሲሰረቅ ቅድሚያ ለሲም ካርዱ

አንድ ነጋዴ ሞያሌ ላይ ሰባት ሰንጋ ሸጠ እንበል። ከገንዘቡ ከፊሉን በቴሌብር፣ ከፊሉን በኬንያ መስመሩ በኤም-ፔሳ ተቀብሏል። በገበያው ግርግር መሀል ኪሱን ሲዳብስ ስልኩ የለም። ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ ሌባውን ፍለጋ ይሮጣል፤ ደላሎችን ይጠይቃል፣ በረቱን ይዞራል፣ በወዳጁ ስልክ ደጋግሞ ይደውላል። ያ ግማሽ ሰዓት ከቀፎው ዋጋ በላይ ሊያስከፍለው ይችላል።

ቀፎው በቁጥር ቢቆለፍም ሌባው ሲም ካርዱን አውጥቶ በሌላ ቀፎ ውስጥ ማስገባት አያቅተውም። ከዚያ በኋላ የማረጋገጫ መልእክቶች ለእሱ ይደርሳሉ። የገንዘቡ ሚስጥር ቁጥር የልደት ዓመት ወይም 1234 ከሆነ ደግሞ ለመገመት አያስቸግርም።

በመንጋ ውስጥ በሽታ ሲታይ መጀመሪያ የታመመው እንስሳ ይለያል፤ በሽታው ከየት መጣ የሚለው ቀጥሎ ይታያል። እዚህም እንደዚያው ነው፤ መጀመሪያ መስመሩ ይዘጋል። ለኢትዮ ቴሌኮም መስመር 994፣ ለቴሌብር 127፣ ለኬንያ ሳፋሪኮም የቅድመ ክፍያ መስመር 100 ይደወላል። ችግሩ እነዚህ አጫጭር ቁጥሮች የሚሠሩት በየራሳቸው ኔትወርክ ብቻ መሆኑ ነው። ማዶ የቆመ ነጋዴ በወዳጁ የኬንያ ሲም 994 ቢደውል ኢትዮ ቴሌኮምን አያገኝም። ስለዚህ ወዲህ ማዶ ያለ አንድ የታመነ ሰው እንዲደውልለት አስቀድሞ መስማማት ይገባዋል።

ቀጥሎ ዋትሳፕ አለ። ሲሙ ቢዘጋም በተሰረቀው ቀፎ ላይ ያለው ዋትሳፕ በዋይፋይ መሥራቱን ሊቀጥል ይችላል። ሌባው ቀፎውን መክፈት ከቻለ በነጋዴው ስም “ቀብዱን በዚህ ቁጥር ላክልኝ” ብሎ ለደንበኞች መጻፍ አያዳግተውም። ስለዚህ ቋሚ ደንበኞችና ደላሎች በዚያው ሰዓት በስልክ ሊነገራቸው ይገባል። ነጋዴው ምትክ ሲም አውጥቶ ዋትሳፕን በሌላ ቀፎ ሲከፍት የድሮው ይዘጋል።

ፎቶውን፣ የሒሳብ ማስታወሻውንና የጤና ሰርተፊኬቶቹን ቅጂ ለማዳን ደግሞ በሌላ ሰው ስልክ ወደ ጉግል ወይም ወደ አፕል አካውንት ገብቶ ቀፎውን ከሩቅ መቆለፍ፣ ካልሆነም ማጥፋት ይቻላል። ትእዛዙ የሚደርሰው ግን ቀፎው በርቶ ኢንተርኔት ሲያገኝ ነው። በሌላ ቦታ ያልተቀመጠ ፎቶ ከጠፋ በኋላ አይመለስም።

ነጋዴዎችን ይበልጥ የሚያስቸግረው ምትክ ሲም ማውጣት ነው። ምትኩ የሚሰጠው ሲሙ በስሙ ለተመዘገበው ሰው ነው። በዘመድ ወይም በደላላ መታወቂያ የኬንያ ሲም አውጥቶ የሚነግድ ሰው ያ ዘመድ እስኪመጣ ድረስ ገንዘቡን ላያገኝ ይችላል። ከዘመዱ ጋር ከተጣላማ ገንዘቡ የእሱ መሆኑን ማስረዳት ይቸግረዋል። ሰንጋ የሚገዛበትን ገንዘብ የያዘ መስመር በራስ ስም፣ በራስ መታወቂያ ወይም ፓስፖርት መመዝገብ አለበት።

ለዚህ ሁሉ ዝግጅት ከገበያ ዋዜማ አንድ ምሽት ይበቃል። በስልኩ ማስተካከያ ውስጥ የሲም ፒን ማብራት፤ ሲሙ ወደ ሌላ ቀፎ ሲገባ ይህን ቁጥር ይጠይቃል። ሦስት ጊዜ ከተሳሳቱ በፒዩኬ ካልሆነ አይከፈትም፤ ስለዚህ የሲሙን የመጀመሪያ ፒን የማያውቅ ሰው ከመገመት ይልቅ የቴሌ ሠራተኛን ይጠይቅ። በዋትሳፕ የሁለት ደረጃ ማረጋገጫን ስድስት አሃዝ መሙላት። የገንዘቡን ሚስጥር ቁጥር በስልኩ ውስጥ በማንም ስም አለመጻፍ፤ ማንበብ የሚያግዝ ልጅ ካወቀውም መቀየር። *#06# ተጭኖ የሚወጣውን 15 አሃዝ የቀፎ መለያ መገልበጥ፤ ለፖሊስ ሲያመለክቱ ያስፈልጋል። ሁለት ሲም የሚይዝ ቀፎ ሁለት መለያ ያሳያል።

መለያው፣ ፒዩኬው፣ የታመነው ሰው ስልክና የሦስት ዋና ደንበኞች ቁጥር በአንዲት ወረቀት ላይ ይጻፍ። ወረቀቷ ግን ስልኩ በሚቀመጥበት ኪስ ውስጥ አትቀመጥ።