አትላንቲክን የተሻገረችው የ5 ኪሎ አይሮፕላን

ልጆቻችን ከሸምበቆና ከወረቀት አይሮፕላን ሲሠሩ ባየን ጊዜ «ተው፥ ትምህርትህን አጥና» ማለት ልማዳችን ነው። እኔም ብዙ ጊዜ ብያለሁ። የአሜሪካዊውን የሚስተር ሜናርድ ሂልን ታሪክ ካነበብሁ ወዲህ ግን ቃሉ ከአፌ ሳይወጣ ይመለሳል።

ሚስተር ሂል ሥራቸው የብረታ ብረት ምርምር ሲሆን፥ ትርፍ ጊዜያቸውን ከምድር ሆነው በራዲዮ የሚነዷቸውን ትናንሽ አይሮፕላኖች ሲሠሩ ኖሩ። በ1970 ዓመት (በፈረንጆች ቍጥር) አንዲቱን ከ8000 ሜትር በላይ አውጥተዋል። በስተርጅናቸው ዓይናቸው ለማየት፥ ጆሯቸውም ለመስማት እጅግ ደከመ፤ እንዲህ ያለችውን አይሮፕላን አትላንቲክን አሻግራለሁ ብለው የተነሡት በዚሁ ዕድሜያቸው ነው።

ጭንቁ ያለው በሚዛኑ ላይ ነው። የዓለም የአይሮፕላን ማኅበር ደንብ፥ አይሮፕላኗ ከነነዳጇ ከ5 ኪሎ እንዳትበልጥ ያዝዝ ነበር። 3000 ኪሎ ሜትር ለመሄድ ግን ነዳጁ ብቻ የዚህን ግማሽ ያህል ይወስዳል። እንግዲህ ክንፉም፥ ሞተሩም፥ መንገድ የሚመራውም መሣሪያ በቀረው ግማሽ ውስጥ መጠቃለል አለበት። ስለዚህ አካሏን ባልሳ ከሚባል ቀላል እንጨት ሠርተው በስስ ፕላስቲክ አለበሱት። ክንፏ ከጫፍ እስከ ጫፍ 1 ሜትር ከ83 ሳንቲሜትር ነው፤ የምትጠጣውም ለፋኖስ የሚሆን የጠራ ነዳጅ ነው። ዓይን የነሣቸውን በጣት እየዳሰሱ ይሠሩ ነበር።

ራዲዮ ነጂው ሊመራት የሚችለው ዓይኑ እስካያት ድረስ ነው። ከዚያ ወዲያ በሆዷ ያለው መሣሪያ ከሳተላይት ስፍራዋን እየተረዳ ይነዳታል፤ ማዶ ስትደርስ ሌላ ሰው በራዲዮ ተቀብሎ ያሳርፋታል።

አስቀድመው የተላኩት ሁሉ ሳይደርሱ ቀሩ። አምስተኛዪቱ ነሐሴ 3 ቀን 1995 ዓመተ ምሕረት (በፈረንጆች 2003) በካናዳ፥ በኒውፋውንድላንድ ደሴት፥ ኬፕ ስፒር ከሚባለው የባሕር ጫፍ ተወርውራ ተነሣች። ስሟም ሜዳውን ለሙከራ በፈቀዱላቸው በአንድ የሜሪላንድ ገበሬ እርሻ ተሰይሟል። በመንገድ ሳለች ወሬዋ ለጥቂት ሰዓት ጠፋ፤ የጠባቂዎቹን ልብ መገመት አያስቸግርም። ኋላ ግን ወሬዋ ተመልሶ ተሰማ።

ከ38 ሰዓት ከ52 ደቂቃ በኋላ፥ ነሐሴ 5 ቀን፥ በአይርላንድ ክሊፍደን አጠገብ በደኅና አረፈች። ያም በ1911 ዓመተ ምሕረት አልኮክና ብራውን ያለ ማረፍ አትላንቲክን መጀመሪያ በአይሮፕላን ተሻግረው የወረዱበት አገር ነው። በታንኳ የቀረው ነዳጅ ጥቂት ብቻ ነበር። ከዚህ ማዶ የነበሩት የ77 ዓመቱ ሽማግሌ መድረሷን በሰሙ ጊዜ ሚስታቸውን አቅፈው አለቀሱ።