ከካርቱሙ ዴም እስከ ሊማሊሞ፦ የሞተር ሳይክል ጉዞ መሪ ሥራው ምንድን ነው?

ከካርቱም መሃል ከተማ በስተደቡብ የሚገኘው ዴም ለብዙ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን በባዕድ ምድር ያለ የሀገር ሰፈር ነበር። እንጀራ ይጋገርበታል፤ ቡና በጀበና ይፈላበታል፤ አማርኛና ትግርኛ ከዐረብኛ ጎን ለጎን ይሰሙበታል። ሰፈሩ የተቆረቆረው ለእነርሱ ተብሎ አልነበረም። በእንግሊዞች አስተዳደር ዘመን የሠራተኞች መኖሪያ የነበሩት አሮጌዎቹ ዴሞች ፈርሰው ነዋሪዎቻቸው ወደ አዲሶቹ የተዛወሩት በ1940ዎቹ መጨረሻና በ1950ዎቹ መጀመሪያ (እአአ) ነው። ከሐበሻ ጋር ስሙ የተቆራኘው ከዚያ በኋላ በመጡ ስደተኞችና ሠራተኞች ምክንያት ነው።

ካርቱም ከካይሮ ተነሥተው እስከ ደቡብ አፍሪካ በሞተር ሳይክል ለሚወርዱ መንገደኞችም ቁልፍ ማረፊያ ነበረች። ምድረ በዳውን ጨርሰው የሚያርፉት፣ የኢትዮጵያን ቪዛ የሚጠይቁት፣ ጎማ የሚለውጡት እዚያ ነው። የሚሻገሩበትን ሀገር ምግብ አስቀድሞ መቅመስ ለፈለገ ደግሞ ዴም ሩቅ አልነበረም።

ከዚያ ወደ ጎንደር የሚወስደው መንገድ፣ በመሪ የሚደረግ የብዙ ቀናት የሞተር ሳይክል ጉዞ ምን እንደሚጠይቅ ለማየት ከሚመቹ መንገዶች አንዱ ነው።

ከሜዳ ወደ ሰማይ

ካርቱም ከባሕር ጠለል በላይ 380 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። መንገዱ የጥቁር ዓባይን ተከትሎ ወደ ዋድ መዳኒ ይወርድና ወደ ምሥራቅ ታጥፎ ገዳሪፍ ይገባል፤ ይህ ብቻ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከገዳሪፍ እስከ ድንበሯ ጋላባት ሌላ 150 ኪሎ ሜትር ገደማ ይቀራል። ጋላባትንና መተማን የሚለያያቸው አንድ ደረቅ ወንዝ ብቻ ሲሆን፣ አፄ ዮሐንስ አራተኛ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ከመሐዲስቶች ጋር ሲዋጉ የወደቁት በዚሁ ስፍራ ነው።

እስከዚህ ድረስ ሞተረኛው ዳገት የሚባል ነገር አላየም ማለት ይቻላል። ከመተማ በኋላ ግን በሸኸዲና በአይከል በኩል 200 ኪሎ ሜትር በማይሞላ ርቀት ውስጥ ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍታ ወዳላት ጎንደር ይወጣል። ጠዋት በቆላው ላብ ያጠመቀው ሰው ማታ ብርድ ልብስ ይጠይቃል። ወደ ሰሜን 100 ኪሎ ሜትር ያህል ቢቀጥል ደባርቅን፣ ከዚያም የሊማሊሞን ቁልቁለት ያገኛል።

ብቻውን የሄደውና ታጅበው የሄዱት

ይህን አቅጣጫ ከተከተሉ ሞተረኞች ስሙ ከሚጠቀሱት አንዱ እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ቴድ ሳይመን ነው። እአአ በ1973 ከለንደን በትራያምፍ ሞተር ተነሥቶ አራት ዓመት በፈጀ ጉዞ 45 ሀገሮችን አቆራረጠ። በሱዳን ከአትባራ እስከ ከሰላ ያለውን አሸዋ አቋርጦ ኢትዮጵያ የገባው ብቻውን ነበር። መንገድ ሲጠፋው የሚመልሰው ያገኘው መንደርተኛ ነው።

እአአ በ2007 ተዋንያኑ ዩዋን ማክግሬገርና ቻርሊ ቡርማን ከስኮትላንድ ወደ ኬፕ ታውን ሲጓዙ በሱዳንና በኢትዮጵያ አልፈዋል። እነርሱ ግን ካሜራ የሚቀርጽ ሦስተኛ ሞተረኛ፣ ደጋፊ መኪኖች፣ ፈቃድና ወረቀት የሚያሰናዱ ሰዎች ነበሯቸው። ዛሬ ገንዘብ ከፍሎ በመሪ የሚጓዝ ሰው የሚገዛው በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለ ነገር ነው፤ የሳይመንን መንገድ ይፈልጋል፣ የሳይመንን ብቸኝነት ግን አይፈልግም።

መሪው ከፊት፣ ጠባቂው ከኋላ

በተለመደው አሠራር መሪው ከፊት ይነዳል፤ ሌላ ልምድ ያለው ሰው ከሁሉም ኋላ ይከተላል። የኋለኛው ሥራ ቀላል ሕግ አለው፤ ማንንም ቀድሞ አያልፍም። መለዋወጫ፣ ከመነዳሪ፣ ካንዴላና የቤንዚን ጀሪካን የጫነች መኪናም ትከተላለች።

በመካከል ያሉት መንገዱን ባያውቁስ? መፍትሔው ብልህ ነው። መስቀለኛ መንገድ ላይ ሲደረስ ከመሪው ቀጥሎ ያለው ሞተረኛ ቆሞ አቅጣጫውን ለሚመጡት ሁሉ ያሳያል፤ የመጨረሻው ጠባቂ ሲደርስ ብቻ ቦታውን ለቅቆ ይቀጥላል። ስለዚህ ማንም ሌላውን ለመያዝ መሮጥ የለበትም። በቡድን ጉዞ አደጋ ከሚደርስባቸው ምክንያቶች አንዱ፣ ኋላ የቀረ ሰው ለመድረስ ከችሎታው በላይ መፍጠኑ ነውና።

የቀኑ ርቀትም በመሪው ፍርድ ይወሰናል። በገዳሪፍ ሜዳ በአስፋልት 400 ኪሎ ሜትር መንዳት አሰልቺ እንጂ ከባድ አይደለም። በተራራ ጠጠር መንገድ ግን 120 ኪሎ ሜትር ሙሉ ቀን ሊወስድ ይችላል። ከብት፣ አህያና እግረኛ መንገዱን በሚጋሩበት ሀገር በጨለማ መንዳት ስለማይመከር፣ ስሌቱ የሚጀምረው ፀሐይ ከምትጠልቅበት ሰዓት ወደ ኋላ ተቆጥሮ ነው።

ማኅተም ያልተመታበት ወረቀት

የጉዞው ግማሽ ወረቀት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። የውጭ ሞተር ሳይክል ቀረጥ ሳይከፈልበት በየሀገሩ እንዲያልፍ ካርኔ የሚባል የዋስትና ደብተር ያስፈልጋል። ከእያንዳንዱ ገጽ አንዱ ቁራጭ በመግቢያው ጉምሩክ፣ ሌላው በመውጫው ይቀራል፤ ጉርዱ ላይ ሁለቱም ማኅተሞች መኖር አለባቸው። የመውጫው ማኅተም ከጎደለ፣ ሞተሩ እዚያው ሀገር ተሸጧል ተብሎ ስለሚገመት ባለቤቱ ባስያዘው ዋስትና ቀረጡን ሊከፍል ይችላል።

ከጦርነቱ በፊት ሱዳን የገባ የውጭ ሀገር ሰው በሦስት ቀን ውስጥ መመዝገብ ነበረበት። የኢትዮጵያ የኤሌክትሮኒክ ቪዛ ደግሞ በቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ለሚገቡ እንጂ በመተማ በኩል ለሚመጡ አያገለግልም ነበር። ስለዚህ ሞተረኛው ካርቱም ባለው ኤምባሲ ደጅ መጥናት ግድ ሆነበት። ይህን ሳያውቅ ጋላባት የደረሰ ሰው ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ መሪ ያለው ግን ካርቱም ሳይደርስ ያውቃል።

ከግራር ሥር አትተኛ

ከመተማ እስከ ቋራ የሚዘረጋው ቆላ ጫካ ከሩቅ ደረቅና ባዶ ይመስላል። የእጣን ዛፍና ሽመል የሚበቅልበት፣ ከሱዳኑ ዲንደር ፓርክ ጋር የሚዋሰነው አልጣሽ ብሔራዊ ፓርክም የሚገኝበት ነው። በዚህ ፓርክ አንበሶች መኖራቸውን ተመራማሪዎች በካሜራ ያረጋገጡት እአአ በ2016 ነው።

ተጓዡን የበለጠ ሊያሰጋው የሚገባው ግን አንበሳ ሳይሆን ከትንኝ የምታንስ የአሸዋ ዝንብ ናት። የመተማና የሑመራ ቆላ ካላ አዛር የተባለው በሽታ በብዛት የሚታይበት አካባቢ ነው። ዝንቧ በተሰነጠቀው ጥቁር አፈር ውስጥና በግራር ዛፎች አካባቢ ትኖራለች፤ ከምሽት እስከ ንጋት ትናከሳለች። በሽታው ካልታከመ ይገድላል። ይበልጥ የሚያጠቃውም በድንኳን የሚያድረውን ሀብታም ቱሪስት ሳይሆን ሰሊጥ ለማጨድ ከደጋ የሚወርደውንና ሜዳ ላይ የሚተኛውን የቀን ሠራተኛ ነው። መሪው ግን ጥላ አይቶ ከግራር ሥር ድንኳን ሊተክል ያሰበውን እንግዳ ማስነሣት አለበት።

ያው ጥቁር አፈር በክረምት ሌላ ጠላት ይሆናል። አስፋልቱን ለቅቆ የገባ ሞተር ጎማው በጭቃ ተለስኖ መሽከርከር ያቆማል። በሰኔና በመስከረም መካከል በዚህ ቆላ የጥርጊያ መንገድ ጉዞ የሚሸጥ ሰው ቢያጋጥምዎት፣ በሌላ ነገር ላይ ያለውን ዕውቀትም ቢጠራጠሩ አይፈረድብዎትም።

ሞተር ትንፋሽ ሲያጥረው

ከፍታ የሚከብደው ለሰው ብቻ አይደለም። አየሩ ሲሳሳ ሞተሩ የሚያገኘው ኦክስጅን ይቀንሳል። ካርቡራተር ያላቸው ሞተሮች ቤንዚኑን በቆላው መጠን እያፈሰሱ ስለሚቀጥሉ ጥቁር ጭስ ያወጣሉ፤ ያነክሳሉ። ቤንዚኑን በኮምፒውተር የሚመጥኑት አዳዲሶቹ ጭሱ ባይኖርባቸውም ጉልበታቸው መቀነሱ አይቀርም። በስሜን ተራሮች ሳንቃ በር፣ 3,200 ሜትር ገደማ ላይ፣ ከጉልበቱ ሲሶ የሚጠጋውን ያጣል። በቧሂት አጠገብ የሚያልፈው ጥርጊያ መንገድ ደግሞ ከ4,000 ሜትር በላይ ይወጣል።

ቁልቁለቱ ከዳገቱ ይብሳል። ጣሊያኖች በ1930ዎቹ (እአአ) የቀደዱት የሊማሊሞ መንገድ በገደል ላይ እየተጠማዘዘ ይወርዳል። ፍሬን ብቻ እየያዘ የሚወርድ ሰው ፍሬኑ ግሎ መያዝ ሊያቆም ይችላል፤ በዝቅተኛ ማርሽ ሞተሩ ራሱ እንዲይዝለት ማድረግ ያስፈልጋል። በብሔራዊ ፓርኩ ውስጥ መሣሪያ የያዘ ስካውት ማስከተል ግዴታ በመሆኑ፣ የሞተር ቡድን ስካውቱን የሚጭንበት መኪና ማሰናዳት አለበት። ትንሽ ነገር ትመስላለች፤ በር ላይ ያስቆማል።

በተቃራኒ አቅጣጫ የመጡት

በሰሜን ኢትዮጵያ ጦርነት ዘመን ከሊማሊሞ ወዲያ ያለው መንገድ ተቋርጦ ነበር። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ደግሞ በካርቱም ውጊያ ተጀመረ። አውሮፕላን ማረፊያው ተዘጋ። የዴም ነዋሪዎችን ጨምሮ በርካታ ኢትዮጵያውያን በዋድ መዳኒና በገዳሪፍ በኩል ወደ ጋላባት አመሩ። ከሱዳናውያንና ከሌሎች ሀገሮች ዜጎች ጋር በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በመተማ በኩል ተሻገሩ። ሞተረኞቹ በካርታና በመሪ የሚያልፉበት መንገድ፣ ለእነርሱ በየኬላው የሚፈተሹበት፣ የአውቶቡስ ዋጋ በየቀኑ የሚንርበት መውጫ ሆነ። ብዙዎች የዓመታት ቤታቸውን የለቀቁት በእጅ በሚያዝ ሻንጣ ነው።

ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ውጊያውና በጎንደር መተማ መስመር ላይ የሚፈጸመው እገታ የድንበሩን ሌላ ወገንም ለተጓዥ አደገኛ አደረገው። እአአ በመጋቢት 2025 የሱዳን ጦር ካርቱምን መልሶ መቆጣጠሩን ቢያስታውቅም፣ ለጉብኝት የሚነዳበት መንገድ ወዲያው አልተከፈተም።

ጥቅጥቅ ያለ ደንና ተራራ ፈልጎ የሚመጣ ሞተረኛ በኢትዮጵያ ሌላም አቅጣጫ አለው። ከጅማ በቦንጋ ወደ ሚዛን ተፈሪ የሚወስደው መንገድ፣ ዩኔስኮ እአአ በ2010 በባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት የመዘገበውን የካፋን ደን ያቋርጣል። ጉዞው ግን ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ አዲስ አበባ የሚመለስ እንጂ ከካይሮ የሚያያዝ አይደለም። ከካይሮ የሚነሣው ዛሬ ቀይ ባሕርን በመርከብ ተሻግሮ በሳዑዲ ዐረቢያ በኩል ይዞራል፤ ወይም ሞተሩን በሣጥን አሽጎ በአውሮፕላን ወደ ናይሮቢ ይልካል። በካርኔው ላይ ለሱዳን የተተወው ገጽ ባዶውን ይመለሳል።