«የልብ ገዢ ይታገሣል» እና ሌሎች የቤት ሻጭ ተረቶች

ባለፈው ክረምት ለታናሽ እህቴ ቤት ፍለጋ ስንዞር ከሰሚት እስከ ለቡ፣ ከጀሞ እስከ የካ አባዶ ያልረገጥነው ጭቃ አልነበረም። ዋጋቸውን የሰማናቸው ቤቶች ሃያ ይደርሳሉ፤ ገብተን ሳሎናቸውን ያየናቸው ግን ስምንት ብቻ ናቸው። የቀሩት አንድም ባለቤቱ ለቅሶ ሄዷል፣ አንድም ቁልፉ አክስቱ ዘንድ ነው፣ አንድም «ዛሬ አይመችም፣ ሰኞ ደውሉ» ነው። ሰኞ ስንደውል ስልኩ ዝግ ነው። አንዱ በሩ ላይ «የሚሸጥ ቤት» ብሎ በቀይ ቀለም ጽፏል፤ ከሥሩ ያለውን ቁጥር የሚያነሣ ግን የለም። ሌላ ቤት ደግሞ ዘበኛው ከፍቶልን ግቢው መሐል ስንደርስ የቤቱ እመቤት ብቅ ብላ «ማን አስገባቸው አለህ?» ብላ ጮኸችበት። ይቅርታ ጠይቀን ወጣን።

የእኛ ዕድል ብቻ መስሎኝ ነበር። ኋላ ቤት የሸጡም የገዙም ዘመዶቼን፣ አብረውን የዞሩትን ደላሎች ጭምር ሳዋራ፣ ቤቱን ለገበያ አውጥቶ በሩን የሚዘጋ ሻጭ በአዲስ አበባ ብርቅ እንዳልሆነ ገባኝ። ሁሉም ምክንያት አለው፤ ምክንያቱም ካንዱ ሻጭ ወደ ሌላው ሲወርድ ቆይቶ እንደ ሕግ ጸንቷል። አንዳንዱ ውስጥ እውነት አለ። አብዛኛው ግን ሻጩን ራሱን የሚጎዳ ተረት ነው።

«የልብ ገዢ ይታገሣል»

ይህን የሚሉ ሻጮች ገዢን ሦስቴ ማመላለስ ቁም ነገረኛውን ከወሬኛው ይለያል ብለው ያምናሉ። እስቲ ይህን የልብ ገዢ የሚባለውን ሰው እንየው። ብዙውን ጊዜ ደመወዝተኛ ነው፤ ወይም ሱቁን ለሰው አደራ ሰጥቶ የወጣ ነጋዴ። ቤት የሚያየው ቅዳሜ ከሰዓት ወይም እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ነው። ብቻውን አይወስንም፤ ሚስቱን፣ አንዳንዴም ግንባታ የሚያውቅ ወንድሙን ይዞ ይመጣል። ሦስቱን ባንድ ሰዓት ማገናኘት ራሱን የቻለ ሥራ ነው። በዚያች ከሰዓት አራት ቤት ሊያይ ተነሥቶ አንዱ ዝግ ከሆነበት፣ ሦስቱን አይቶ ከሦስቱ ይመርጣል። ዝጉ ቤት በዋጋም በጥራትም ሳይሸነፍ ከውድድር ወጣ ማለት ነው።

ገንዘቡም አያስቀምጠውም። የራሱን ቤት ሸጦ ብሩን ባንክ ያስገባ ሰው እያንዳንዱ ወር እንዴት እንደሚያልፍ ያውቃል። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህማ ብር ታቅፎ መክረም ምን ማለት እንደሆነ ለማንም አይነገርም።

ታዲያ የሚታገሠው ማነው? አትርፎ ሊሸጥ የሚገዛው ነው። እሱ አይቸኩልም፤ ቤቱ ገበያ ላይ በከረመ ቁጥር ባለቤቱ እየለዘበ እንደሚሄድ ያውቃል። በአምስተኛው ወር መጥቶ «እስካሁን አልተሸጠም እንዴ?» ብሎ ይጀምራል፤ ድርድሩ እዚያ ጥያቄ ላይ አልቋል። ሻጩ በወንፊት አጣርቼ አስቀረሁት ያለው፣ ለካ በርካሽ ሊገዛው የመጣውን ሰው ነው።

«ብዙ ሰው ያየው ቤት ይረክሳል»

እናቴ የዚህ ወገን ናት። ዓይን ይገባበታል ትላለች፤ ከእሷ ጋር አልከራከርም። በገበያው ግን ቤትን የሚያረክሰው የብዙ ሰው አፍ እንጂ የብዙ ሰው ዓይን ሆኖ አላየሁም። ቤቱ ለሰባት ደላላ ይነገራል። አንዱ የራሱን ድርሻ ጨምሮ ያወራል፤ ሌላው ገዢ ለማማለል ቀንሶ ያወራል። እኛ ሲኤምሲ አካባቢ ያለን አንድ ቤት ከሦስት ደላሎች በሦስት ዋጋ ሰምተን፣ ሦስት ቤት መስሎን፣ ሦስት ጊዜ እዚያው በር ላይ ቆመናል። ድርድሩን ከየትኛው ዋጋ ልንጀምር እንዳሰብን መናገር አያስፈልግም።

ዓይኑም ቢሆን ባንድ ቅዳሜ ቢያልቅ ይሻላል። ቤቱን ለአንድ ወይም ለሁለት ደላላ ብቻ ሰጥቶ «ቅዳሜ ከ8 እስከ 11 ሰዓት ክፍት ነው» ያለ ሻጭ ሳምንቱን ሙሉ እንግዳ ሲያስተናግድ አይውልም። ገዢዎቹም ደጃፍ ላይ ይተላለፋሉ። «ሌላ ሰው እያየው ነው» የሚለውን ወሬ ከደላላ ከሰማ ገዢ ይልቅ፣ ሌላ ሰው ሲወጣ በዓይኑ ያየ ገዢ ቶሎ ይወስናል።

«ካላዩት ጉዱ አይታወቅም»

በአፍ የሚናገረው ጥቂት ነው፤ በተግባር ግን ከሁሉም የሚበዛው ይህ ነው። ለቡ አካባቢ አንድ ሻጭ ማታ 1 ሰዓት ቀጠረን። መብራት ጠፍቶ ስለነበር ሦስት መኝታ ክፍል በስልክ ባትሪ አየን። ጓዳው ተቆልፏል፤ «ዕቃ አለበት» ተባልን። እህቴ ከዚያ ቤት ስትወጣ ስለ ሰፊው ሳሎን አንድም ቃል አልተናገረችም። ሳምንቱን ሙሉ የጠየቀችኝ ጓዳው ውስጥ ምን እንዳለ ነው። ምናልባት እውነትም ዕቃ ብቻ ነበር። ያልታየ ክፍል ግን ገዢው በፈለገው ነገር ይሞላዋል፤ የሚሞላው ደግሞ በፍርሃቱ ነው።

በሬ የሚገዛ ሰው አፍ ከፍቶ ጥርስ ያያል፤ ሻጩም አፉን ይዞ ያሳየዋል እንጂ አይቆጣም። ቤት ላይ ሲሆን ይህ ወግ ለምን እንደሚጠፋ አይገባኝም፤ ጉድለትን ማሳየት በሕግም ቢሆን የሚጠቅመው ሻጩን ነውና። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ ለሸጠው ነገር ጉድለት ዋስ እንዲሆን ያስገድደዋል። ገዢው እያወቀ ለገዛው ጉድለት ግን ዋስ አይሆንም። ማእዘኑ ላይ ያለውን የእርጥበት ምልክት አሳይቶ «ጣሪያው እዚህ ጋ ያፈሳል» ያለ ሻጭ ምናልባት ከዋጋው ትንሽ ይቀነስበታል። ከመስቀል በኋላ ቀለም ቀብቶ የሸጠው ደግሞ በቀጣዩ ሐምሌ የሚመጣበትን ስልክ ይጠብቅ። ብልህ ገዢ ለዚህ ነው ቤት በክረምት የሚያየው፤ ዝናቡ ከደላላውም ከመሐንዲሱም በላይ ይናገራል።

ከጣሪያው ይልቅ ገዢን የሚያስጨንቀው ግን ወረቀቱ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በር የማይከፍት ሻጭ ሲገጥመው ልምድ ያለው ገዢ «ይህ ሰው ብቻውን ነው የሚሸጠው?» ብሎ ይጠይቃል። ጥርጣሬው መሠረት አለው። በ1992 ዓ.ም. በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ መሠረት የጋራ የሆነን ቤት ለመሸጥ የባልም የሚስትም ስምምነት ያስፈልጋል። ከአባት የተወረሰ ቤት ከሆነ ወንድም እኅቶች አሉበት። በዕጣ የተገኘ ኮንዶሚኒየም ከሆነ 5 ዓመት ሳይሞላው መሸጥ ክልክል ስለሆነ በውክልና ተሸፋፍኖ የሚሸጥ አለ። ባንክ በመያዣ የያዘው ቤትም አለ። እነዚህ ሁሉ ሻጮች የሚመሳሰሉበት አንድ ነገር ቢኖር ገዢው ከጎረቤት፣ ከተከራይ፣ ከቤተሰብ ጋር እንዳይገናኝ መፈለጋቸው ነው። ምንም የሚደብቀው የሌለው ሻጭ በሩን ሲዘጋ ከእነሱ ጋር ይቆጠራል።

ዘበኛው ላይ የጮኸችውን እመቤት አስታወሳችኋት? ቤቱ ለገበያ መውጣቱን የሰማችው በዚያ ቀን፣ እኛን ግቢዋ ውስጥ ስታይ ነው። ባልየው ለደላላው «እሷ በሌለችበት ሰዓት ብቻ አሳይ» ብሎት ነበር። ሰዓቱ ተምታታና ለእኛ ወጣልን። እሷ ባትኖር ኖሮ እህቴ ያንን ቤት ወዳው ነበር።

«ካርታ ማሳየት ለሌባ መስጠት ነው»

ይህ ግማሹ እውነት ነው፤ በሐሰተኛ ካርታና በሐሰተኛ ውክልና የሰው ቤት የተሸጠባቸው ጉዳዮች ፍርድ ቤት ደርሰዋል። የካርታውን ፎቶ ለማያውቁት ሁሉ በቴሌግራም መላክ ደግ አይደለም። መፍትሔው ግን ካርታውን ከነቤቱ መሰወር አይደለም። በኮፒው ላይ ቀኑንና «ለዕይታ ብቻ» የሚል ቃል በትልቁ መጻፍ፣ ገዢው ከቆረጠ በኋላ ደግሞ አብሮ ክፍለ ከተማ ሄዶ ዕዳና እገዳ እንደሌለበት ማጣራት ይቻላል። ሕጉ የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ በጽሑፍ ተደርጎ እንዲመዘገብ ስለሚያዝ፣ ካርታው ውልና ማስረጃ መቅረቡ አይቀርም። (መሥሪያ ቤቱ ስሙን ቢቀይርም ሕዝቡ ውልና ማስረጃ ማለቱን አልተወም።)

«ቁልፉ ታማኝ ሰው ጋ ነው»

ውጭ አገር ያሉ ወገኖቻችን ተረት ይህ ነው። ቨርጂኒያ ወይም ሜሪላንድ የሚኖር ሰው አያት ወይም ቦሌ ቡልቡላ ያለውን ቤቱን ሊሸጥ ይፈልጋል፤ ቁልፉ አጎቱ ጋ ነው። አጎት ታማኝ ነው፤ ታማኝነቱ ግን ሳይጠይቅ በር አይከፍትም። ገዢው ቅዳሜ ከጠዋቱ 4 ሰዓት በር ላይ ሲቆም አጎት ለማስፈቀድ ይደውላል። በዚያ ሰዓት ዋሽንግተን ላይ ሌሊቱ 8 ወይም 9 ሰዓት ነው። ማንም አያነሣም። አጎትም «ከሰዓት ተመለሱ» ይላል፤ ገዢው የሚመለሰው ግን ወደ ሌላ ሰፈር ነው።

የሚገርመው እነዚሁ ሰዎች በሚኖሩበት አገር ሻጭ ቁልፉን በሚስጥር ቁጥር በሚከፈት ትንሽ ሣጥን ደጃፉ ላይ አንጠልጥሎ፣ ገዢው ሲመጣ ራሱ ቤቱን ለቆ ይወጣል። ያንን እንዳለ እዚህ እናምጣው አልልም፤ ቁልፍ ደጅ ላይ ተንጠልጥሎ የሚያድርበት ሰፈር ብዙ አላውቅም። ፈቃዱን ግን አስቀድሞ መስጠት ይቻላል፦ «ቅዳሜና እሑድ ቀን ላይ ማንም ቢመጣ አሳይ፤ ዋጋ ግን አትናገር።» ሌላም አለ። ቤት ለመሸጥ ልዩ ውክልና ያስፈልጋል፤ ቤቱን እንዲያስተዳድር ብቻ የተሰጠ አጠቃላይ ውክልና አያሸጥም። ገዢ ከተገኘ በኋላ ወረቀቱን በኤምባሲ በኩል ማስላክ መጀመር ገዢውን እንደገና በር ላይ ማስቆም ነው።

ስለ ተከራይ ደግሞ ሁለት ተቃራኒ ተረት አለ። አንዱ «ተከራይ ያለበት ቤት አይታይም» ይላል፤ ሌላው «መጀመሪያ አስወጣው» ይላል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የቤት ኪራይ አዋጅ የኪራይ ውል ከ2 ዓመት እንዳያንስ ስለደነገገ ሁለተኛው እንደ ድሮው ቀላል አይደለም። የመጀመሪያው ደግሞ ውሸት ነው። ካየናቸው ስምንት ቤቶች ከሁሉም በደንብ የታየልን ተከራይ ያለበት ነበር። ተከራዩ ውሃ በፈረቃ በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣ፣ ሮቶው ስንት ቀን እንደሚያቆይ፣ የትኛው ጎረቤት መኪናውን በር ላይ እንደሚያቆም ነገረን። ሻጩ አስቀድሞ ደውሎ ሰዓቱን ስላስማማው ፊቱ አልጠቆረም፤ ሻይም አፍልቶ ነበር።

«ቀብድ ሳልይዝ አላሳይም» የሚለው ግን ክርክርም አያሻው። በሕጋችን ቀብድ ውል ለመደረጉ ማስረጃ ነው፤ ቀብድ የተቀበለ ሻጭ ውሉን ቢያፈርስ እጥፉን ይመልሳል። ላልታየ ቤት ቀብድ የሚጠይቅ ሰው ወይ ሕጉን አያውቅም፣ ወይ ቤቱ የእሱ አይደለም። ገዢ ሆይ፣ እንዲህ ያለ ሰው ሲገጥምህ ታክሲ ያዝና ሂድ።

ለእውነተኛው ፍርሃት ቦታ እሰጣለሁ። ብቻዋን የምትኖር ሴት የማታውቀውን ሰው ጓዳዋ ድረስ ማስገባት ቢከብዳት፣ አልጋ ላይ የዋለ አባት ያለበት ቤት እንግዳ ቢበዛበት፣ ማንም አይፈርድም። የልጃገረድ ክፍል ውስጥ ገብቶ ቁም ሣጥን የሚከፍት ገዢም አይቻለሁ፤ እሱን ማስወጣት መብት ነው። እንዲህ ያለው ሻጭ ጎረቤት ወይም ዘመድ አጠገቡ አድርጎ፣ የገዢውን ስምና ስልክ ጽፎ፣ በቀን ብርሃን ቢያሳይ ይበቃዋል።

እህቴ በመጨረሻ የገዛችው ያንን ተከራይ ያለበትን ቤት ነው። ካሰበችው ዋጋ ትንሽ ከፍ ይላል፤ የኋላው ግንብም ስንጥቅ አለው። ስንጥቁን ያሳየን ሻጩ ራሱ ነበር።

እርስዎም የሚሸጥ ቤት ካለዎት ቁልፉን ለያዘው ሰው ዛሬውኑ ይደውሉለትና ቅዳሜ ከሰዓት እዚያው እንዲሆን ይንገሩት። ጓዳውንም ይክፈተው።