ቤዙ ያለው ሄድፎኑ ውስጥ ነው

በአምቦ፣ በጉደርና በጊንጪ ሙዚቃ የሚያቀናብሩ ወጣቶች ቤዙ ከበድ ያለ ሄድፎን ሲገዙ «ትልቅ አምፕሊፋየር ካልጨመራችሁ ዋጋ የለውም» ይባላሉ። የብር ምንዛሪ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ይህ ውድ ምክር ነውና በቁጥር እንፈትሸው። በስቱዲዮ የተለመደው ባለ 80 ኦሙ ቤየርዳይናሚክ ዲቲ 770 ፕሮ በ1 ሚሊዋት 96 ዴሲቤል ያህል ድምፅ ይሰጣል። 1 ቮልት የሚያወጣ ትንሽ የዩኤስቢ ዶንግል ደግሞ 12.5 ሚሊዋት ያደርስለታል፤ ይህ ወደ 107 ዴሲቤል ይጠጋል፣ ለረጅም ሰዓት ከተሰማ ጆሮ የሚጎዳ ድምፅ ነው። ዶንግሉ ዲጂታሉን ወደ አናሎግ የሚቀይረውን ዳክም ማጉያውንም (አምፕሊፋየሩንም) አንድ ላይ ይዟል።

«በትልቁ አምፕ ቤዙ ሲጨምር በጆሮዬ ሰምቻለሁ» የሚል አይጠፋም። መስማቱ እውነት ነው፤ ምክንያቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ነው። ድምፅ ከፍ ሲል ጆሯችን ቤዝን ይበልጥ ይሰማል፤ ስለዚህ ሁለቱን እኩል ድምፅ ላይ ሳያደርጉ ማወዳደር ያሳስታል። በተጨማሪም የማጉያው የውጤት ኢምፔዳንስ ከሄድፎኑ ኦም አንድ ስምንተኛ በላይ ከሆነ፣ በአንዳንድ ሄድፎኖች ቤዙ ያብጣል። በዚያ እየሰሙ የመጠኑት ከበሮ መኪና ውስጥ ሲከፈት ሳስቶ ይገኛል። ትልቅ ማጉያ ሊያስፈልግ የሚችልበት ጊዜ አለ፦ ሄድፎኑ ባለ 250 ኦም ሲሆን፣ ወይም ቤዙን በኢኪው 6 ዴሲቤል ስትጨምሩ፤ ያኔ 4 እጥፍ ኃይል ይጠይቃል። ከዚያ ውጭ በላፕቶፕ ባትሪ የሚሠራው ዶንግል ይበቃችኋል፤ መብራት ሲጠፋም ሥራችሁ አይቋረጥም። የተረፈውን ብር ሄድፎኑ ላይ አውሉት።