ተጨማሪ መረጃ፦ ጥንብ አንሳ፣ ፓራግላይደርና አውሮፕላን በአንድ ሰማይ

ክረምቱ ካለፈ በኋላ፣ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ መካከል ቀትር ላይ ቀና ብላችሁ ተመልከቱ። ጥንብ አንሳ ክንፉን ሳያራግብ እየዞረ ከፍ ሲል ታያላችሁ። የታረሰ ደረቅ መሬት ሣር ካለበት ፈጥኖ ስለሚሞቅ በላዩ ያለው አየር ይቀልና ወደ ላይ ይወጣል፤ ወፉን የሚያነሣው ይህ ነው። ሰው በጨርቅ ክንፍ የሚበርበት፣ ሞተር የሌለው ፓራግላይደርም ከፍታ የሚያገኘው ከዚሁ አየር ነው። አካባቢው ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ስለሆነ የአየሩ እፍግታ በባሕር ወለል ካለው 80 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ያንኑ ክብደት ለመሸከም ከ10 በመቶ በላይ ፈጥኖ መብረር ያስፈልጋል።

ሰማዩ ግን የጋራ ነው። መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. ከባሕር ዳር ወደ አሥመራ የተነሣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 ከርግብ መንጋ ጋር ተጋጨ። ርግቦቹ ወደ ሁለቱም ሞተሮች ገቡ። አብራሪዎቹ ለመመለስ ቢታገሉም ሞተሮቹ ጠፉ፤ አውሮፕላኑም ጎማው ሳይወርድ ሜዳ ላይ አርፎ በእሳት ተያያዘ። በውስጡ ከነበሩት 104 ሰዎች 35ቱ ሞቱ። የበረራን ሳይንስ የሚማር ኢትዮጵያዊ ሁሉ ይህን አደጋ ሊያውቀው ይገባል።

በዓለም አቀፍ ደንብ ባለሞተር አውሮፕላን ሞተር ለሌለው ተንሸራታች ቅድሚያ ይሰጣል። በሚወጣ አየር ውስጥ ዘግይቶ የገባ ፓራግላይደርም ቀድመው የገቡት በሚዞሩበት አቅጣጫ ይዞራል። ወፎችን የሚገዛ ደንብ ስለሌለ፣ በአየር ማረፊያ አቅራቢያ የምትኖሩ ተማሪዎች ወፎችን የሚስብ ቆሻሻና የእህል ትርፍራፊ ሜዳ ላይ እንዳይጣል አድርጉ።