ስም መለወጥ ብቻ አይበቃም፦ የምናባዊ ጨዋታዎች መደቦች እንዴት ይታደሳሉ?

በጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው ገጸ ባሕርይ በመላበስ በሚጫወቷቸው ምናባዊ ጨዋታዎች፣ መሪው ሁኔታውን ይተርካል፤ ተጫዋቹ ምን እንደሚያደርግ ይናገራል፤ ውጤቱን ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚጣለው ዳይስ ይወስናል። ገጸ ባሕርዩ ምን ማድረግ እንደሚችል የሚደነግገው «መደብ» የሚባለው የሙያ ክፍል ነው።

የዘርፉ ፈር ቀዳጅ የሆነው «ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» በጋሪ ጋይጋክስና በዴቭ አርነሰን አዘጋጅነት እ.ኤ.አ. በ1974 በአሜሪካ ሲታተም መደቦቹ ሦስት ብቻ ነበሩ፦ ተዋጊ፣ አስማተኛና ካህን። ከዚያ ወዲህ ቁጥራቸው ቢጨምርም የብዙዎቹ መነሻ የመካከለኛው ዘመን አውሮፓ ታሪክና አፈ ታሪክ ነው። መደቦቹን በአዲስ ሐሳብ ለማደስ የሚነሣ አዘጋጅም አንድ ጥያቄ ይገጥመዋል፤ መለወጥ ያለበት ስሙ ነው ወይስ አሠራሩ?

ባለቅኔው አስማተኛ

ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው እ.ኤ.አ. በ1992 የታተመው፣ ትርጓሜውም «ጥንታዊው» የሆነው «አል-ቃዲም» ነው። የጄፍ ግራብ ሥራ የሆነው ይህ የጨዋታ መጽሐፍ ዛኻራ በተባለች ምናባዊ ምድር ነባሮቹን መደቦች በዐረቡ ዓለም አርአያዎች እንደገና ቀርጿቸዋል።

በነባሩ ሕግ አስማተኛ ድግምቱን አስቀድሞ ከመጽሐፍ ያጠናል፤ ከተጠቀመበት በኋላም ከአእምሮው ይጠፋል። የአል-ቃዲሙ «ሻዒር» ግን የሚያገለግለውን ትንሽ ጂኒ ይልካል፤ ጂኒውም የተጠየቀውን ድግምት ፈልጎ ያመጣለታል። ፍለጋው ጊዜ ይወስዳል፤ መልእክተኛው ባዶ እጁን ሊመለስም ይችላል። ስለዚህ ተጫዋቹ «ዛሬ የትኛውን ላጥና?» ማለቱን ትቶ «ጂኒው እስኪመለስ ድረስ መቆየት እችላለሁን?» ብሎ ማስላት ይጀምራል።

ስሙም ከአሠራሩ ጋር ይስማማል። ሻዒር በዐረብኛ ባለቅኔ ማለት ነው። ከእስልምና በፊት በነበረው ዘመን ባለቅኔ ግጥም የሚያቀብለው ጂኒ አለው ተብሎ ይታመን ነበር። ዛሬ ልዩ ተሰጥኦ ላለው ሰው የሚነገረው «ዐብቀሪ» የተሰኘው የዐረብኛ ቃል እንኳ ከዐብቀር ጋር ይያያዛል፤ ዐብቀር ደግሞ የጂኒዎች መኖሪያ ነው ይባል የነበረ ሸለቆ ነው።

አንድ ስም፣ ሁለት ሰው

በዚሁ መጽሐፍ «ካሂን» የሚባል መደብም ይገኛል። የአማርኛ አንባቢ ቃሉን ሲሰማ ወዲያው ካህንን ያስታውሳል፤ የሁለቱ ቃላት ዝምድናም ግልጽ ነው። ይሁን እንጂ አማርኛው በሥርዓተ ክህነት የተሾመውን ቀዳሽና ናዛዥ ሲያመለክት፣ ዐረብኛው ከእስልምና በፊት የነበረውንና የተሰወረውን አውቃለሁ የሚለውን ጠንቋይ ያመለክታል። እንግዲህ ስም ብቻውን መደብ አይሆንም። ሰውየው ኃይሉን ከማን እንደሚያገኝ፣ ለማን እንደሚታዘዝና ምን ዋጋ እንደሚያስከፍለው መታወቅ አለበት።

ይህ ጥንቃቄ ከጨዋታም ያለፈ ፋይዳ አለው። «አል-ቃዲም» ራሱ ከታሪክ ብቻ ሳይሆን ከ«አንድ ሺህ አንድ ሌሊት» ተረቶችና ከሆሊውድ ፊልሞችም የቀዳ በመሆኑ የዐረቡን ዓለም እንደ መስታወት ያሳያል ማለት አይቻልም። ጥምጣምና ጎራዴ ብቻ የሚያለብስ መደብ ደግሞ የሕዝብን ባህል ወደ መጫወቻ ልብስ ያወርደዋል፤ የባህሉ ባለቤትም በጨዋታው ውስጥ ራሱን ሳይሆን የተዛባ ጥላውን ያገኛል።

አዝማሪ ለምሳሌ ቢወሰድ፣ «ባርድ» የተባለውን ነባር የአንጎራጓሪ መደብ ማሲንቆ አስይዞ ስሙን መለወጥ ብዙም የሚጨምረው ነገር የለም። የአዝማሪ ኃይል በሰምና ወርቅ ነው፤ ሹሙ ውዳሴ ሲሰማ ታዳሚው ነቀፋውን ይሰማል። ይህ የጨዋታ ሕግ ሆኖ ቢጻፍ፣ አንድ ስንኝ በሁለት ሰሚዎች ላይ ሁለት የተለያየ ውጤት ይኖረዋል። ሹሙ ወርቁን ከደረሰበት ግን አዝማሪው የሚከፍለው ዋጋ ይኖራል፤ ተጫዋቹም ግጥሙን ከማሰማቱ በፊት በአዳራሹ ማን ማን እንዳለ ማየት ይኖርበታል።