የመኪና ጎማ ለሞተር ብስክሌት ይሆናልን?



ባለፈው ሰሞን በማታው የንባብ ትምህርት ላይ አንድ አባት እጃቸውን አነሡና እንዲህ ሲሉ ጠየቁን። «በሬ ሸጠን ለልጄ ሞተር ገዛንለት። በሞተሩ እህል ለገበያ ያደርሳል፤ የታመመም ሰው ሲገኝ ወደ ጤና ጣቢያ ያደርሳል። አሁን የኋላ ጎማው ሞለጠ። አዲሱ ደግሞ ውድ ነው። ከጎንደር ገበያ አሮጌ የመኪና ጎማ በርካሽ ይገኛል፤ ወፍራምም ነው፣ አያልቅም ይላሉ። እሱን ብናስገጥምለት ምን ይለዋል?»

ጥያቄው መልካም ጥያቄ ነው። የአንድ ቤት ሀብትና የአንድ ልጅ ሕይወት ያለበት ጥያቄ ነው። ስለዚህ መልሱን ለእሳቸው ብቻ ነግረን ከምንተወው ለሁላችሁም ብንጽፈው ይሻላል ብለን ይህን አዘጋጀን። በቀስታ አንብቡት። ላላነበበም ጎረቤት አንብቡለት።

ነፋስ ያለው ጎማ እንዴት መጣ?

በዱሮ ዘመን የጋሪና የብስክሌት እግር እንጨት፣ ብረት ወይም ድፍን ጎማ ነበር። ድንጋይ በነካ ቁጥር የተቀመጠውን ሰው አጥንቱ ድረስ ያናውጠው ነበር። በፈረንጅ አቆጣጠር በ1888 ጆን ቦይድ ደንሎፕ የሚባል ሰው በነፋስ የሚሞላ ጎማ ሠርቶ የሥራ መብቱን አስመዘገበ። ደንሎፕ ሥራው መሐንዲስነት አልነበረም። የከብት ሐኪም ነበር። ጎማውን መጀመሪያ የሠራው ለትንሽ ልጁ ባለ ሦስት እግር ብስክሌት ነው። ዛሬ ከብስክሌት እስከ አውሮፕላን የሚሄደው በዚሁ በነፋስ ጎማ ነው።

ሆኖም ጎማ ሁሉ አንድ አይደለም። ማረሻና ዶማ ሁለቱም ብረት ናቸው፤ ግን አንዱ የሌላውን ሥራ አይሠራም። የመኪና ጎማና የሞተር ጎማም እንደዚሁ ናቸው።

ቅልና ጣሳ

ልዩነቱን በዓይናችሁ ለማየት አንድ ቅልና አንድ የወተት ዱቄት ጣሳ አምጡ። ቅሉን መሬት ላይ አስቀምጡና ወደ ጎን አዘንብሉት። ምንም ያህል ብታዘነብሉት የቅሉ ጀርባ መሬቱን እንደነካ ነው። አሁን ደግሞ ጣሳውን አቁሙና አዘንብሉት። ወዲያው ግማሹ ከመሬት ይነሣል፤ በስለቱ ብቻ ይቆማል።

የሞተር ጎማ ጀርባው እንደ ቅሉ ክብ ነው። የመኪና ጎማ ጀርባው እንደ ጣሳው ቂጥ ጠፍጣፋ ነው።

ይህ ለምን ሆነ? መኪና አራት እግር አለው። ሲታጠፍ ቀጥ ብሎ እንደቆመ ነው የሚታጠፈው። ስለዚህ ጠፍጣፋው ጎማ ዘወትር በሙሉ ፊቱ መሬቱን ይይዛል። ሞተር ግን ሁለት እግር ብቻ ነው ያለው። ሲታጠፍ ወደሚታጠፍበት ጎን ማዘንበል አለበት። ካላዘነበለ በሩጫው ኃይል ወደ ውጭ ይወረወራል። ሲያዘነብል ደግሞ መሬቱን የሚይዝለት ክብ ጎማ ያስፈልገዋል። በጠፍጣፋ ጎማ ያዘነበለ ሞተር እንደ ጣሳው በስለቱ ይቆማል።

እንግዲህ ምን ይከተላል? አንደኛ፣ ሞተሩ ላዘንብል ሲል ጎማው እንቢ ይላል። ነጂው መሪውን በኃይል መግፋት ይኖርበታል። ሁለተኛ፣ የመኪና መንኮራኩር በቆፈረው ቦይ ወይም ጎኑ ባዘነበለ መንገድ ላይ የጎማው ጠርዝ ዳገቱን ይይዝና ሞተሩን ነጂው ወዳልፈለገበት ይስበዋል። ሦስተኛ፣ ጎማው ሰፊ በመሆኑ ከካቴናውና ጎማውን ከያዘው ብረት ጋር ሊፋተግ ይችላል። ከተፋተገ ይበላል፤ ከተበላ ይፈነዳል።

ቁጥሩን አንብቡ

አሁን ወደ ዋናው ቁም ነገር መጣን። በጎማ ጎን ላይ የፈረንጅ ፊደል ተጽፎ ስታዩ «ይህ ለኛ አይነበብም» ብላችሁ አትለፉት። ፊደሉን ባታውቁትም ቁጥሩ እዚሁ በትምህርታችን የተማርነው ቁጥር ነው።

በአንዳንድ ትናንሽ የቤት መኪኖች ጎማ ላይ 155 ይልና የፈረንጅ ፊደል አር ይከተላል፤ ከዚያ 13 ይላል። 155 የጎማው ስፋት በሚሊ ሜትር ነው። 13 ደግሞ ጎማው የሚገባበት ቸርኬ ከዳር እስከ ዳር ያለው ስፋት በኢንች ነው። አንድ ኢንች ሁለት ተኩል ሳንቲ ሜትር ያህል ነው።

በብዙ ሞተር ብስክሌት ጎማ ላይ 3.00 – 17 የሚል ታገኛላችሁ። ስፋቱ 3 ኢንች፣ ቸርኬው 17 ኢንች ማለት ነው። በባለ ሦስት እግሩ ባጃጅ ጎማ ላይ 4.00 – 8 ይላል። ቸርኬው 8 ኢንች ብቻ ነው።

ሕጉ ቀላል ነው። የጎማው የመጨረሻ ቁጥርና የቸርኬው ቁጥር አንድ መሆን አለባቸው። 13 በ17 ላይ አይገባም። በብረት እያስገደዱ ለማስገባት መሞከር ቸርኬውንም ጎማውንም ማበላሸት ነው።

ነገር ግን ልብ በሉ! ቁጥሩ አንድ ቢሆንም እንኳ የመኪና ጎማ በሞተር ቸርኬ ላይ በደንብ አይቀመጥም። ጎማው ቸርኬውን የሚነክስበት ከንፈር የሁለቱ ልዩ ልዩ ነው። እንዲህ ያለው ጎማ ነፋስ ሲሞላ ጎሚስታው እጅ ላይ ሊፈነዳ ይችላል። ወይም መንገድ ላይ ከቸርኬው ይወጣል።

ጎማው መቼ ተሠራ?

ዶት በሚሉት የፈረንጅ ፊደሎች መስመር መጨረሻ ላይ አራት ቁጥሮች አሉ። ለምሳሌ 2316 ቢል፣ 23 ሳምንቱ ነው፤ 16 ዓመቱ ነው። በፈረንጆች 2016 በ23ኛው ሳምንት ተሠራ ማለት ነው። ወደ እኛ ዘመን ለመመለስ የሳምንቱ ቁጥር እስከ 36 ከሆነ 8 ቀንሱ። ከዚያ ካለፈ እኛ አዲሱን ዓመት ስለምንጀምር 7 ቀንሱ። ስለዚህ ይህ ጎማ የተሠራው በ2008 ዓ.ም. በሰኔ መባቻ ገደማ ነው።

ብዙ ጎማ ሠሪዎች ከ10 ዓመት በላይ የቆየ ጎማ፣ ጥርሱ ባያልቅም እንኳ እንዲለወጥ ይመክራሉ። ጎማ እንደ ቆዳ ነው፤ ሲያረጅ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል። ሻጩ «አዲስ ነው» ቢላችሁ፣ ቁጥሩን አንብባችሁ እውነቱን ታውቃላችሁ።

«ፈረንጆች ያደርጉታል» ለሚሉ

እውነት ነው። በአሜሪካ አንዳንድ ሰዎች በትልልቅ ሞተሮች የኋላ እግር ላይ የመኪና ጎማ ይገጥማሉ። የመኪና ጎማ ብዙ ኪሎ ሜትር ይሄዳል፤ ርካሽም ነው። ግን እነሱ የሚነዱት ጎልድ ዊንግን የመሰለ ሞተር ነው። ይህ ሞተር ከ350 ኪሎ በላይ ይመዝናል። የኋላ ቸርኬውም እንደ ብዙ መኪኖች 16 ኢንችና ሰፊ ነው። የሚሄዱበትም በአብዛኛው ሰፊና ቀጥ ያለ አስፋልት ነው። እንዲያም ሆኖ ጎማ ሠሪዎች ይህን አታድርጉ እያሉ ያስጠነቅቃሉ።

የእኛ ሞተር ቀጭንና ቀላል ነው። መንገዳችን ደግሞ የታወቀ ነው። ከጎንደር ተነሥቶ በአምባ ጊዮርጊስና በዳባት አልፎ ደባርቅ ይደርሳል፤ ወደ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከደባርቅ ወዲያ ሊማሊሞ ነው። ይህ በጣሊያን ወረራ ዘመን የተጠረገ መንገድ በገደል አፋፍ ላይ እየተጠማዘዘ ወደ ዛሪማ ይወርዳል። መታጠፊያው ብዙ ነው። ክረምት ሲሆን ጭቃና ጉም አለ። በሊማሊሞ መታጠፊያ ላይ ማዘንበል እንቢ ያለ ሞተር መመለሻ የለውም።

ታዲያ አሮጌው የመኪና ጎማ ምን ይሁን?

አይጣል። ጋሪ ሲታጠፍ አያዘነብልምና የመኪና ጎማ ለፈረስና ለአህያ ጋሪ ሁነኛ ነው። የጎማው ቆዳ ተቆርጦ በረባሶ ይሠራል። ድሃው ሕዝባችን እሾኽና ኮረት የረገጠው በበረባሶ ነው። ለሁለት የተሰነጠቀ ጎማ ለበግና ለዶሮ የውኃ ማጠጫ ይሆናል። በአዲስ አበባ መርካቶ ምናለሽ ተራ ውስጥ አሮጌ ነገር ሁሉ ታድሶ ሌላ ዕቃ እንደሚሆን የሄደ ሰው ያውቃል። ሁለት ነገር ግን አታድርጉ። ጎማ አታቃጥሉ፤ ጢሱ መርዝ ነው። ውኃ የሚያቁር ጎማ ሜዳ ላይ አትተዉ፤ በተለይ በቆላ የትንኝ መራቢያ ይሆናል።

ለባለ ሞተሮች ምክር

1. ለሞተር የሞተር ጎማ ግዙ፤ ቁጥሩም ከቸርኬው ጋር ይስማማ።
2. በጎማው ጥርሶች መካከል ትናንሽ ጉብታዎች አሉ። ጥርሱ አልቆ ከጉብታው ጋር እኩል ሲሆን ጎማው ጊዜው አልፏል።
3. በጎማው ጎን ቀስት ካለ፣ ቀስቱ ጎማው ወደ ፊት ሲሽከረከር የሚዞርበትን አቅጣጫ ያሳያል። ጎሚስታው ገልብጦ እንዳይገጥም ተመልከቱ።
4. ነፋሱን ጠዋት ጎማው ሳይሞቅ አስለኩ።
5. ገንዘብ ካነሰ ጉዞውን አቆዩ እንጂ በሞለጠ ጎማ ሰው አትጫኑ።

ጥያቄውን ለጠየቁን አባት የሰጠናቸው መልስ እንግዲህ ይህ ነው። አሮጌው የመኪና ጎማ ለጋሪያቸው ይሁን፤ ለልጃቸው ሞተር ግን የራሱ ጎማ ይገዛለት። የጎማው ዋጋ ከአንድ በግ ላይበልጥ ይችላል። የልጅ ዋጋ ግን በገበያ የለም። በማግስቱም ልጃቸውን ሞተሩን ይዞ እንዲመጣ አደረጉና ጎንበስ ብለው ከጎማው ላይ «ሦስት... ዜሮ፣ ዜሮ... ዐሥራ ሰባት» ብለው ራሳቸው አነበቡ። «በል፣ ይኸንኑ ጽፈህ ይዘህ ሂድ» አሉት።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. የሞተር ጎማ ጀርባው ክብ የሆነው ለምንድን ነው?
2. በመንደራችሁ ባለ አንድ ጎማ ላይ ያለውን ቁጥር አንብቡ። መቼ ተሠራ?
3. ለጋሪ የሚሆን ጎማ ለሞተር የማይሆነው ለምንድን ነው? ለጎረቤታችሁ አስረዱ።